ከግቡ ጀርባ ለቆሙት ክቡር ሰብሳቢ

ለሠፈራችን የሕፃናት እግር ኳስ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፤
ከግብ ጀርባም ቢሆን ባሉበት፤

ጉዳዩ፦ ስላሳዩን ስፖርታዊ ጨዋነት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ እንዴት ነው? ባለፈው ቅዳሜ የልጆቹ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ያን ያህል ሲጮኹ ውለው ድምፅዎ ሳይዘጋ ወደ ቤትዎ መመለስዎ እኛን ወላጆችን እጅግ አስደስቶናል። እኔ ራስዎን በየሳምንቱ በአደራ የሚሰጡኝ የመታጠፊያው ፀጉር አስተካካይ፣ የአሥር ዓመቷ ግብ ጠባቂ አባት ነኝ። ደብዳቤውን በፀጉር ቤቴ ትልቁ መስታወት ላይ የለጠፍኩት በቢሮዎ በኩል ብልከው እንዳይጠፋብዎ ሰግቼ ነው፤ ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ደንበኛ ሁሉ ፂሙ ተላጭቶ እስኪያልቅ ያነብልዎታል።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ በሜዳው በር ላይ «ጨዋታው የልጆች ነው» የሚል ጨርቅ ስላሰቀሉልን እናመሰግናለን። እኛ ጨርቁን አንብበን አርፈን በተቀመጥንበት ሰዓት፣ እርስዎ እዚያው ጨርቅ ሥር ቆመው ዳኛውን፣ ማለትም ዕረፍቱን ሠውቶ በነጻ የሚያጫውትልንን ተማሪ፣ ዕውር ነህ፣ ፊሽካ ማን ሰጠህ እያሉ ሲመክሩት ሰምተናል። የእጅ ውርወራ ለእኛ ልጆች ቢሰጥ ደግሞ ሜዳ ገብተው የማዕዘኑን ባንዲራ ነቅለው ወረወሩት። ልጆቹ አንሥተው ቦታው ላይ ተከሉትና ጨዋታቸውን ቀጠሉ።

2ኛ/ በተጋጣሚያችን ቡድን ለሚጫወተው ለገዛ ልጅዎ ስለሚያሳዩት የአባትነት ፍቅርም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ኳስ በሳተ ቁጥር የሚያወጡለት ስም ስለበዛ ልጁ ለየትኛው አቤት እንደሚል ተቸግሯል። አስተውለው እንደሆነ አላውቅም እንጂ ኳስ ከመምታቱ በፊት ግቡን አያይም፤ የሚያየው የእርስዎን ፊት ነው።

3ኛ/ ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዐምና እርስዎን እየላጨሁ ሳለ ስኳሬ ወርዶ ወንበርዎ ሥር ተዘርሬ እንደነበር አይረሱትም። እርስዎ ግማሽ ፊትዎ አረፋ እንደሆነ ፎጣዬን አንገትዎ ላይ ይዘው ብድግ ብለው ወጡ፤ መቼም ሥራ የሚበዛበት ሰው ነዎት፣ አልፈርድብዎትም። ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ጮኻ የጠራችው፣ ጭንቅላቴን ደግፋ ስኳር በውሃ በጥብጣ ያጠጣችኝ እዚያው የነበረችው ልጄ ናት። ያን ዕለት ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እኔማ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ቅዳሜ ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ሲል ለእናንተ ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ልጅዎ ኳሱን አስተካከለ፣ ልጄ እጆቿን ዘረጋች፣ እርስዎ ደግሞ ከክብር ወንበርዎ ተነሥተው ግቡን ዞረው ከጀርባዋ ቆሙ። ፊሽካው እንደተነፋ «ኧረ አባትሽ ወደቀ!» አሉ። ልጄ ዞረች፤ ኳሱም ገባ። እኔ ሹራቧን በክንዴ ይዤ ከመስመሩ ዳር በሁለት እግሬ ቆሜ ነበር። እርስዎ እየሳቁ «ጨዋታ እኮ ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ» አሉን፤ ልጅዎ ግን ግብ አግብቶ አልጨፈረም፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ተሸነፍን፤ ይሁን። ልጄ ከዚያ በፊትም ተሸንፋ ታውቃለች፣ አልቅሳ ፊቷን ታጥባ እራቷን ትበላለች። በማግስቱ ግን የግብ ጠባቂ ጓንቷን አምጥታ ማበጠሪያዎቼ መሀል አስቀመጠችው። ምነው ብላት፣ «እኔ ኳሱን ሳይ አንተን ማን ያይልሃል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እየመጣች ጥግ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ መቀሴ ዝም ባለ ቁጥርም ቀና ብላ ታየኛለች። ክቡር ሆይ፣ ይህን አልምርዎትም። በፍጹም ትሕትና፣ አልምርዎትም።

ምላጬን እየሳልኩ ምን ባደርግዎ ይሻላል ብዬ ብዙ አሰብኩ። እኔም ከልጅዎ ጀርባ ቆሜ አንድ ነገር ብዬ ልጩህበት ብዬ ተመኝቼም ነበር፤ ልጄ «እሱ ምን አደረገ?» ብላ አሳፈረችኝ። ደግነቱ መላው ከእርስዎው ተገኘ። በውድድሩ መዝጊያ ዕለት አባቶች በፍጹም ቅጣት ምት ሲጋጠሙ ግብ ጠባቂው እንደ ወትሮው እርስዎ ነዎት። ልጅዎ በሕዝብ ፊት ግብ እንዲያገባ ብለው ዐምና ያወጡት ደንብ ደግሞ፣ ማንኛውም አባት የሚደርሰውን ፍጹም ቅጣት ምት በልጁ ማስመታት ይችላል ይላል። ደንቡን ስላወጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። ተመዝግቤያለሁ፤ የምትመታልኝም ልጄ ናት።

መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። እኔ ግን የት እንደምቆም ነገርኳት፦ ከግቡ ጀርባ፣ እርስዎ በቆሙባት በዚያችው ቦታ። ከዚያ ኳሱንም፣ እርስዎንም፣ እኔንም በአንድ ጊዜ ታያለች፤ ለማንም ብላ መዞር የለባትም። ትናንት ታኬታዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ ጭቃውን ስታራግፍ አየኋት። እኔም ከኋላዎ ሆኜ ትንፍሽ እንደማልል ቃል እገባለሁ፤ ስለት ይዤ ከጀርባዎ ዝም ብዬ መቆምን ዓመታት ሙሉ ተለማምጄዋለሁና።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ በተለይም እስከ መዝጊያው ዕለት የሚያደርስ ጤና እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የራስዎን ፊትም ኋላም የማውቅ ታማኝ አገልጋይዎ፣
የመታጠፊያው ፀጉር አስተካካይ
(እስካሁን በሁለት እግሩ የቆመ)

ግልባጭ፦
ለዳኛው፣ ፊሽካ ማን እንደሰጠው ለማያውቀው
ፎጣዬን ለመለሱልኝ ለባለቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፀጉር ቤቴ ከዛሬ ጀምሮ ለእርስዎ ዝግ ነው። ለመዝጊያው ብለው ሽበትዎን ሌላ ዘንድ ሄደው ጥቁር ቀለም ካስቀቡ፣ ቀለሙ በላብ እንዳይለቅ እኔ የማደርግልዎን ጥንቃቄ ሰውየው ላያውቅ ስለሚችል ነጭ ማሊያ ባይለብሱ ይሻላል። ግንባርዎ ላይ የሚወርደውን አይቶ ሕዝቡ ቢስቅብዎ ደግሞ አደራ፣ ማን ሳቀ ብለው እንዳይዞሩ፤ ልጄ የምትመታው ያን ጊዜ ነው።