የብርጓል ትታው የሄደችው ዓሣ

ሰኔ 5 ቀን 1978
ዛሬም እንደ ትናንቱ። ላቦራቶሪውን ጠርጌ፣ ማይክሮስኮፖቹን አልብሼ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከፔዳ፣ ከመምህራን ኮሌጁ፣ ወጣሁ። ፖስታ ቤት ጎራ አልሁ... የለም። ልጄ የብርጓል ከጻፈች ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆናት። ዝናቡ እስከ ቤቴ ድረስ ሸኘኝ።

ለዓሣው ለጃኖ ምግቡን ጣል አደረግሁለት። ዞር ብሎም አላየው። ጃኖ ያለችው እሷ ናት፤ ቀዩ ክንፉ እንደ ልብስ ስለሚንዘረፈፍ። የፖሊ ቴክኒክ አስተማሪዋ የነበረው ሩሲያዊ ወደ አገሩ ሲገባ ከነመስታወት ሣጥኑ ሰጣት። እሷም ባለፈው መስከረም ኦዴሳ ልትማር ስትሄድ ለእኔ። “አባባ፣ አደራ” ብላ። እናቷ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆኗል። እንግዲህ ቤቱ ውስጥ እኔና ዓሣው ነን።

ሰኔ 7
የጅራቱ ጫፍ ብል የበላው ጨርቅ መስሏል። ጠርዙ ነጣ ብሏል። ትናንትም እንዲህ ነበር? አላየሁት ይሆን?

ሐይቁ ዳር ቢያዝንን አገኘሁት። የደልጊ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በታንኳ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ። ዓሣ ሲታመም ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ጠየቅሁት። ትክ ብሎ አየኝና፣ በሽተኛው አልጋ ላይ ነው ወይ አለኝ። ከዚያ መረቡን እያራገፈ ሳቀ... ይሳቅ። ማንን ልጠይቅ ታዲያ?

ሰኔ 10
የባዮሎጂውን መምህር ክንዱን ደፍሬ ጠየቅሁት። ልጅ ነው፣ ግን አዋቂ ነው። አልሳቀብኝም። ውሃውን በስንት ቀን እንደምቀይር ጠየቀኝ። ሲደፈርስ አልሁት። ከየት እንደምቀዳ ጠየቀኝ። ከቧንቧ፣ እንደ ወረደ። የሣጥኑ ወለል ላይ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ባለፈው ወር ከሐይቁ ዳር አንሥቼ ለጌጥ የጨመርሁትን ድንጋይ ነገርሁት።

“ጋሽ ገብረ መስቀል፣ የሚታከመው ክንፉ አይደለም፤ ውሃው ነው” አለኝ።

እቤት ገብቼ ድንጋዩን አወጣሁና እንዳለኝ በጥጥ አሸሁት። ጠርዙ ስለታም ኖሮ ጥጡን ያዘው። ለካ ክንፉን የቀደድሁት እኔው ነኝ። ቆሻሻው ውሃ ደግሞ ቁስሉን አመረቀዘው።

ሰኔ 11
የቧንቧ ውሃ በባልዲ አሳደርሁ፤ የማጣሪያው መድኃኒት እንዲበንን። ከሣጥኑ ሢሶውን ቀድቼ በዚህ ተካሁ። ወለሉ ላይ የበሰበሰውን ምግብ በጎማ ቱቦ መጠጥሁ። አሞሌ ወቅጬ፣ ለአራት ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሌላ ዕቃ ውስጥ አሟምቼ ቀስ እያልሁ ጨመርሁ። በየቀኑ እንዲህ ነው። ጨው ግን ከአሥር ቀን በላይ አይሆንም ብሎኛል።

ሰኔ 14
ደብዳቤ! ከዚህ ሌላ ምን ልጻፍ...

አንድ ገጽ ናት። ፖስታው ተከፍቶ እንደገና ታሽጓል፤ እሱስ ለምደነዋል። “ከናፍቆትዎ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ብርዱ ነው እንጂ ትምህርቱ አይከብድም። ጃኖ እንዴት ነው?” ጽሕፈቷ ቀጥኗል። መስመሩም ወደ ታች ይወርዳል። ቸኩላ ይሆን?

ወዲያው መለስሁላት። ጃኖ ደህና ነው አልሁ። እኔም ደህና ነኝ አልሁ።

ሰኔ 19
ደህና አይደለም። ጅራቱ እኩሌታው ሄዷል። ወለሉ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ አየር ሊስብ ብቻ ብቅ ይላል። ክንፉ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ወጥቷል። መምህር ክንዱ ሻጋታ ነው አለ። ላቦራቶሪ ለማቅለሚያ ከምንጠቀምበት ሜቲሊን ብሉ በብልቃጥ ሰጠኝ። ጃኖን ለብቻው ሰፊ ማሰሮ ውስጥ አድርጌ፣ ውሃው ሰማይ እስኪመስል ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ጣቴም ሰማያዊ ሆነ።

ብርድም ጎድቶታል። ቴርሞሜትሩ ሃያ አንድ ይላል፤ ለእሱ የሚስማማው ሃያ ስድስት ነው። አምፖል አስጠጋሁለት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ከስብሰባ ለምን እንደቀረሁ ጠየቀኝ። ዓሣ ታሞብኝ ነው ይባላል? ሰው ታሞብኝ ነው አልሁት።

ሰኔ 22
ነጩ ነገር የለም። አንዲት የትንኝ እጭ በላ። አንዲት።

ሰኔ 27
ደሞዝ የሚባል ልጅ መጣ። ኦዴሳ ጨርሶ የተመለሰ የዚህ አገር ልጅ። ከየብርጓል ሹራብ አምጥቶልኛል። አስቀምጬ ስለ እሷ ጠየቅሁት። ደህና ናት አለ። እንደገና ጠየቅሁት። ደህና ናት አለና ብርጭቆውን ማገላበጥ ጀመረ።

“ልጄ፣ እኔ አባቷ ነኝ” አልሁት።

ያን ጊዜ ነገረኝ። ሳንባዋ ውሃ ቋጥሮ ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝታለች። ከአልጋዋ ላይ ሆና ነው የጻፈችልኝ። ለአባባ እንዳትነግሩ ብላ ሁሉንም አስምላቸዋለች። እሱ ሲመጣ ወጥታ ነበር፤ ከስታለች፣ ግን ትስቃለች አለ።

ትስቃለች...

ሰኔ 28
ሥራ አልሄድሁም።

ሐምሌ 2
ጃኖን ወደ ሣጥኑ መለስሁት። የተቆረጠው ጠርዝ ላይ አዲስ ነገር እያቆጠቆጠ ነው፤ ቀለም የለውም፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ። ብርሃን ካልበራበት አይታይም።

ለየብርጓል ጻፍሁ። የደበቅሽኝን ሰምቻለሁ አልሁ። አልተቆጣሁሽም፤ እኔም ዋሽቼሻለሁ። ጃኖ ሊሞት ነበር። በእኔ ድንጋይ። ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኋት። እንደዚህ ያለ ረጅም ደብዳቤ ለማንም ጽፌ አላውቅም።

ነሐሴ 20
መልሷ መጣ። አራት ጊዜ አነበብሁት።

“አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ድኛለሁ። ዩኒቨርሲቲው ከፈለግሽ አቋርጠሽ አገርሽ ግቢ፣ ከፈለግሽ ያመለጠሽን ዓመት ድገሚ ብሎኛል። ቁርጡን እስከ ጥቅምት እነግራቸዋለሁ። እኔ መወሰን አቃተኝ። ነይ ይበሉኝና እመጣለሁ።”

ነይ ይበሉኝ... ዓመቱን ሙሉ በልቤ ከዚህ ሌላ ምን ስል ከረምሁ?

ነሐሴ 22
“ነይ” ብዬ ጻፍሁ። ሦስት መስመር። ፖስታ ቤቱ በር ድረስ ይዤው ሄድሁ። ዝናብ ነበር፤ ጣሪያው ሥር ተጠልዬ ቆምሁ። በአሥር ዓመቷ የጎረቤት ሬዲዮ ፈትታ የገጠመች ልጅ። ከክፍሏ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ለማን ነው? ለእሷ? ወይስ ለዚህ ጸጥ ላለ ቤት?

ሳልከተው ተመለስሁ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ርሷል።

ነሐሴ 25
ሌላ ጻፍሁ። ነይም ቅሪም አልልሽም አልሁ። ብትመጪ ቤትሽ ነው፤ ለምን አቋረጥሽ የሚልሽ የለም። ብትቀሪም አለሁ። ብቻ ለእኔ ስትይ አትወስኚ። ናፍቆቴን ግን አልሸሸግሁም። ምሳ ላይ ሁለት ሰሃን አውጥቼ አንዱን እንደምመልስ ነገርኋት።

ከተትሁት።

መስከረም 19 ቀን 1979
የጃኖ ክንፍ ሞላ ማለት ይቻላል። አዲሱ ከአሮጌው ይልቅ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው፤ ጠርዙም ወጣ ገባ። እንደ ቀድሞው አይሆንም አለኝ ክንዱ። ይብቃው። ቢያዝን ዛሬ በመንገድ አስቁሞኝ፣ በሽተኛህ እንዴት ነው አለኝ። ሊያላግጥ መስሎኝ ነበር፤ የምሩን ነው።

ጥቅምት 8
ትናንት ቴሌግራም መጥቶ ነበር፤ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ቴሌ ይጠብቁኝ የሚል። ሰባት ሰዓት ላይ ደረስሁ። ሙሉ ልብሴን ለብሼ... እንደምታየኝ ሁሉ።

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ስሜ ተጠራ። መጀመሪያ ጩኸት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ድምፅዋ መጣ። ይሰማል ወይ፣ ይሰማል ስንባባል ጊዜው ሄደ። እቀራለሁ አለችኝ። ዓመቱን ትደግማለች። ጨርሳ ለመምጣት አራት ዓመት። ደግ አደረግሽ አልሁ። ከልቤ ነው ያልሁት። ደቂቃው ይቆጥራል።

“ናፈቅሽኝ” አልኋት። በወረቀት ነው እንጂ በአፌ ብዬው አላውቅም። ለእናቷም አላልሁ።

ማልቀሷ ተሰማኝ።

“አባባ... ናፈቅኸኝ” አለች።

አንተ አለችኝ። አራት ዓመት ሲሆናት እናቷ፣ አባትን አንተ አይባልም ብላ ከገሠጸቻት ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። አላረምኋትም። መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ቆምሁ። ኦፕሬተሯ፣ አባቴ ጨርሰዋል፣ ሰው ይጠብቃል ብትለኝ ነው ያስቀመጥሁት።