ለአንገትዎ የሚሆን ድንጋይ

ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ክረምቱ ሊገባ ነውና ያ ግራ እግርዎ መቆርጠሙን ጀምሮ ይሆናል። የሰኔ ጾምስ እንዴት ይዞዎታል? እኛም ረመዳን ከያዝን ሦስተኛው ሳምንት አለቀ። ባለቤቴ ረሂማ “እማን ሰላም በልልኝ” ብላለች፤ ልጄም ጉልበትዎን ትስማለች። እኔን እንደሆነ፣ በደብዳቤ ወግ “እኔ ደህና ነኝ” ተብሎ ይጻፋል፤ ዛሬ ግን እሱን አልጽፈውም።

ፊደሉን እንዲህ አተልቄ የምጽፈው ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው። የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬትዎን ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ጊዜ ልጅዎ፣ ጓደኛዬ ሞላልኝ “እናቴ ሊቅ ሆነች፤ እንግዲህ ከቤታችን ምስጢር የለም” እያለ ሲያሾፍ ትዝ ይለኛል። አፈር ስሆን ለጎረቤት ሰጥተው አያስነብቡት። ቢደክምዎ ያሳድሩትና ነገ ይጨርሱት። ግን ከሐሙስ በፊት ይጨርሱት።

ፊት ለፊት መንገር ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ልነግርዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ገና ሳልቀመጥ “በላህ ወይ?” አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እኔ ሙስሊሙ እንድበላው ብለው ዶሮውን በጎረቤትዎ በበሺር እጅ የሚያሳርዱ፣ ሳህኔን ለብቻ የሚያስቀምጡ እናት “በላህ ወይ?” ሲሉ ሰው ምን ብሎ ይጀምራል? በልቼ፣ አመስግኜ፣ እንደ ሌባ ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

ባለፈው ዓርብ የጠየቁኝ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሼህ ዘይኑልአቢዲንና የደብሩ ቄስ የጀላልን ደም እርቅ ለሐሙስ ቆርጠው ሲነግሩዎት አጠገብዎ ነበርኩ። የገዳይ ወገን ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከሟች ደጅ ይቆማል፤ ወጉ ነው። ገዳይ የተባለው ሞላልኝ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አባት የለው፣ ወንድም የለው። ሽማግሎቹ “እርስዎ ይቅርብዎ፣ አንድ የሩቅ ዘመድ ይቁምልዎ” ቢሉ፣ “የወለድኩት እኔ፣ ጠላውን በእጄ ቀድቼ ያጠጣሁት እኔ፣ ማን ይሸከምልኛል?” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና “ልጄ፣ ቤቴ ወንድ የለም፤ ለአንገቴ የሚሆን ድንጋይ አንተ ፈልግልኝ” አሉኝ። “እሺ እማ” አልኩ። እሺ እማ! ምላሴን በቆረጠው።

የዚያን የገና ቀን ነገር እርስዎ የሚያውቁት ግማሹን ነው። ሌላውን ልንገርዎት።

ከአሰብ እህል ጭነን በመጣንባቸው ሦስት ቀናት እኔ አራት ሰዓት እንኳ አልተኛሁም። ሁለት ሾፌር ነን፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው ይተኛል። ሞላልኝ ተራውን ሲጨርስ ጋቢናው ውስጥ ራሱን ሸፍኖ ያንኮራፋል፤ ቢቀሰቅሱት አይሰማም። እኔ ግን ሚሌ ላይ ጫት፣ ባቲ ላይ ጫት። የእኔ ተራ ሲያልቅ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ ዓይኔ እንደፈጠጠ ተራዬ ተመልሶ ይደርሳል። “ኧረ ተው፣ ሰውነት ነው እኮ!” ይለኝ ነበር። እኔም “ወሎ እየተራበ ተኝቼ ልለፍ?” እለዋለሁ። መልስ መሆኑ ነው።

ሰኞ ጧት ደሴ ገባን፣ እህሉን መጋዘን አራገፍን። ስምሪት ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ወደ አሰብ ተመልሰን እንድንወርድ አዘዘ። ሞላልኝ “ገናን እናቴ ዘንድ ሳልውል አልሄድም” ብሎ ወደ እርስዎ መጣ። እኔንም ጎትቶኝ ነበር፤ እኔ ግን በሺር ቤት በርጫ ተጠርቻለሁ። እዚያ ደግሞ እንደገና ቁጭ። ዱዓ ተደረገ፣ ተመረቀ፣ ቃምን። እማ፣ እኔ በዕድሜዬ አንዲት ጠብታ ጠላ በአፌ አልዞረችም፤ በዚህም እንዴት እንደምኮራ እርስዎ ያውቃሉ። መጠጥ ሐራም ነው፣ የሚያሰክረው እሱ ነው፤ ዱዓ የተደረገበት ጫት ግን ሰውን ያነቃል እንጂ ምን ያደርጋል እል ነበር። ስንቱን የጠጣ ሾፌር በዚህች አፌ ሰድቤያለሁ!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰኞ ገበያ ዳር መኪናው ከቆመበት ተገናኘን። ሞላልኝ እርስዎ “ይበርድሃል” ብለው ያለበሱትን ጋቢ ደርቦ፣ ፊቱ ቀላ ብሎ፣ እየሳቀ መጣ። ተራው የእሱ ነበር፤ ቁልፉም በእሱ ኪስ። አወጣና በእጄ አስያዘኝ። “እናቴ ቤት ጠጥቻለሁ፤ ጠጥቼ መሪ አልነካም፤ አንተ ንዳ” አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኔን አየና፣ “አንተስ ደህና ነህ? ካልሆነ እዚሁ እንደርና ነገ እንውረድ፤ ስምሪቱን እኔ አናግረዋለሁ” አለ። እንዲህ ብሎኛል እማ! ልጅዎ በዚያች አፉ እንዲህ ብሎኛል። እኔ ደግሞ “ወላሂ እንደ ዛሬ ነቅቼ አላውቅም፤ ይልቅ አንተ ሰካራም ግባና ተኛ” አልኩት። በአላህ ስም ምዬ አስገባሁት። እየሳቀ ገባ፤ ጋቢውን ከራሱ እስከ እግሩ ተጠቀለለ፤ ከተማውን ሳንወጣ ያንኮራፋ ጀመር።

መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ እማ። ልጅዎ አልነዳም።

የጫት ምርቃና ምን እንደሚያደርግ እርስዎ አያውቁትምና ልንገርዎ። ሰውየው አይንገዳገድም፣ ምላሱ አይያዝም፣ አይሸትም። እንዲያውም ከሁሉ የነቃ ይመስለዋል። ሐሳቡ ይሮጣል፤ ገና ያልሠራውን ሠርቶ ይጨርሰዋል። ከደሴ በታች የሐረጎን ተራራ ስንወርድ የእኔ ሐሳብ ኮምቦልቻ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ሰግዶ፣ ከረሂማ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራ ነበር። ባዶው መኪና ከነተሳቢው ቁልቁለቱን ይዞታል፤ ማርሽ መቀነስ ነበረብኝ። ያንን ትልቁን ጥምዝ ያለፍኩት መሰለኝ። ወላሂ አልፌዋለሁ ብዬ እግሬን ከፍሬኑ አነሳሁ! ገና ፊት ለፊቴ ነበር። ዓይኔ ክፍት ነው፤ ከገበያ የሚመለሱትን ሰዎች በመንገዱ ዳር አይቻቸዋለሁ። አየኋቸው፣ እጄ ግን ቶሎ አልመጣልኝም። የሦስት ቀን እንቅልፍ ማጣት ይሁን፣ ምርቃናው ይሁን፣ ሁለቱም ይሁን፣ እጄ የመጣው ጀላልን ከመታሁት በኋላ ነው። ከዚያ ገደሉ አፍ ላይ ተገለበጥን።

ጀላልን እርስዎ በስሙ ነው የሚያውቁት። እኔ አይቼዋለሁ። ሽንኩርቱን ሸጦ የሚመለስ፣ ጢሙ ያልሸበተ ሰው ነው። አጠገቡ አንድ ጥንድ የላስቲክ ጫማ ወድቆ ነበር፤ የልጅ ጫማ፣ አዲስ።

እኔን ሰዎች በመስኮቱ አወጡኝ፤ ክንዴ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆንኩም። ሞላልኝን አውጥተው ሣሩ ላይ አስተኙት፤ ነፍሱ ወጥታ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። ከቆሙት አንዱ “ይሄኛው አፉ መጠጥ ይሸታል” አለ። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። መጥቶ እኔንም አሸተተኝ፤ ከእኔ ምን ይሸታል! “ሲነዳ የነበረው እሱ ነው?” አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ እማ። ወረቀቱ ላይ ጻፈው፣ አለቀ። ከዚያች ወዲያ የተናገርኩት ሁሉ ያቺን ንቅናቄ ማስታመም ነበር።

ፈርቼ ነው። ለረሃብተኛ እህል የሚያመላልስ የመንግሥት መኪና ገልብጬ አሻጥር ነው ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ። ልጄ በዓይኔ መጣችብኝ። ይህን የምጽፈው ይማሩኝ ብዬ አይደለም፤ ጀላልም ልጆች ነበሩት፣ እርስዎም አንድ ልጅ ነበረዎት።

ለቅሶው ላይ ጋኑን ከጓዳ ጎትተው አውጥተው ደጃፉ ላይ ሲሰብሩት አየሁ። “እኔ ነኝ የገደልኩት፤ አንድ ድገም፣ ገና ነው እያልኩ” እያሉ ደረትዎን ሲመቱ ሰማሁ። በሺር በጆሮዬ “አየህ፣ መጠጥ የተከለከለው በከንቱ አይደለም” አለኝ፤ ለእሱም ራሴን ነቀነቅሁ። እሱ ምን ያድርግ፣ አላወቀም። እኔ ግን እርስዎን ከሁለት ክንድ ርቀት እያየሁ፣ ጠላዎ ንጹሕ መሆኑን እያወቅሁ፣ “አብሽሪ እማ፣ አይዞዎት” አልኩ። እንዴት ያለ አብሽር ነው!

ጠላዎ ማንንም አልገደለም። ይህን ደጋግመው ያንብቡት። ልጅዎ ጠጣ፤ መጠጣቱንም አወቀ፤ ቁልፉን ሰጠ። የሾፌር ወግ ይህ ነበር። ወጉን ያፈረስኩት ያልጠጣሁት እኔ ነኝ።

አሁን ስለ ጋቢው ልጠይቅዎ። በአርባው ዕለት ሰው ሲበተን ወደ ጓዳ ጠርተው ያንን ጋቢ ሰጡኝ። ታጥቧል፣ የተቀደደው ተሰፍቷል፣ እንደ አዲስ ታጥፏል። “ያወጡት ሰዎች ሲነግሩኝ ከራሱ እስከ እግሩ በዚህ ተጠቅልሎ ነበር፤ እንግዲህ ላንተ ይሁን” አሉኝና ዓይኔን አዩ። አተኩረው አዩኝ። እኔ ጅሉ የልጅዎን መታሰቢያ የሰጡኝ መስሎኝ፣ ጉልበትዎን ስሜ ተቀብዬ ወጣሁ። ባለፈው ቅዳሜ ድንጋይ ፍለጋ ከኮምቦልቻ ወደ ሐረጎ ስወጣ ለብሼው ነበር። ያ ጥምዝ ጋ ስደርስ ቁጭ አልኩ። ሾፌር በጋቢ ተጠቅልሎ አይነዳም። ይህን ለማወቅ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም፤ እናት መሆን ይበቃል።

ያረቢ! አራት ወር ሙሉ “በላህ ወይ?” ሲሉኝ ምን ብለው ኖሯል? ድንጋዩንስ ከስንቱ ጎረቤት መካከል ከእኔ የጠየቁት ለምን ኖሯል? መልሱን አይጻፉልኝ፤ አልችለውም።

ሐሙስ ጧት ከፀሐይ ጋር ከኮምቦልቻ እነሳለሁ። ዛሬ ሳይነጋ ስሑር በልቼ ሳበቃ ለረሂማ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ብርድ ልብስና ሁለት ሸሚዝ ጠቀለለችልኝ። መንጃ ፈቃዴን ከሸሚዙ ኪስ አድርጌዋለሁ። ለሼህ ዘይኑልአቢዲንም ከእርቁ በኋላ ወደ ፖሊስ ጣቢያው አብረውኝ እንዲሄዱ እለምናቸዋለሁ። የጀላል ሚስት ኡሙሰልማ ብታባርረኝም ሐረጎ ካለው ቤቷ ደጅ እቆማለሁ፤ ማን እንደነዳ ከእኔ አፍ ትስማ። ጫት ከዚያ ቀን ወዲህ አልቀመስኩም። ይህንንም እንደ ጽድቅ አልቆጥረውም፤ ዘግይቶ የመጣ ነው፣ እንደ እጄ።

ይህን ደብዳቤ በሺር ያደርስልዎታል። ምን እንደተጻፈበት አያውቅም፤ ሐሙስ ከሰው ጋር ይሰማል። ያኔ ቢያለቅስ አይፍረዱበት።

እርስዎ በሚጠሩትም እኔ በምጠራውም ስም፣ ጌታ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። የሞላልኝን ነፍስ ይማር። ጾምዎን ይቀበልልዎ፤ ክረምቱን በጤና ያውጣዎት።

ድንጋዩን አግኝቻለሁ እማ። እዚያው ከጥምዙ በታች ነው ያነሳሁት፤ አሁን ከደጄ ነው። አንገቴ ላይ አድርጌ ለካሁት፤ ለእርስዎ አይሆንም፣ ይከብዳል። ሐሙስ ቢመጡም ባይመጡም እንደ ፈቃድዎ፤ ከመጡ ግን ባዶ እጅዎን ይምጡ፣ ከእኔ ኋላ ይቁሙ። ሐረጎ በጧት ይበርዳልና ጋቢውን ይዤልዎት እመጣለሁ።

ከአሰብ በጻፍኩልዎት ደብዳቤ ሁሉ ግርጌው ላይ “ልጅዎ” ብዬ እፈርም ነበር። አሁን እርስዎ ካላሉኝ አልጽፈውም።

የልጅዎ ሾፌር