ሃምሳ ስድስት ማለዳ

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጅሽ ጀማነሽ ወለደች ወይስ አሁንም «ቀኔ አልደረሰም» እያለች ነው? ስለ እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤው በውሸት እንዳይከፈት ብዬ ዘለልኩት። ያልደወልኩት፣ ስልክ ላይ ስታለቅሺ ይቅርታ የምጠይቀው ሁልጊዜ እኔ ስለሆንኩ ነው።

የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ስገባ መጥተሽ ሁለት ወር አስታመምሽኝ። ለጎረቤቱም «ጨጓራ ነው» ብለሽ አስተዋወቅሽኝ። እስከ ዛሬ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ተልባ ሞክረሃል?» ይሉኛል። ድባቴ በተልባ ቢድን ኖሮ ይኼ ሕንፃ በሙሉ ሲጨፍር ያድር ነበር።

የሆስፒታሉ የድባቴ ጥናት ውስጥ ለምን እንደገባሁ አልነገርኩሽም። ዶክተር አርአያ፣ ከባድ ድባቴ በአንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ምልክት እንዳለው፣ ሰውነት ቁስል እንዳለበት ሁሉ እንደሚቆጣ ነገረኝ። «ክኒኑን ሳትጀምርና ከስምንት ሳምንት በኋላ ደምህን እንለካለን፤ ቁጣው መብረዱን እናያለን» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ? ከመዳኑ ይልቅ ወረቀቱ አጓጓኝ። ማኅተም ያለበት ወረቀት! ኡራኤል መሥሪያ ቤት አለቃዬ ልደት «አንተ ልጅ፣ ፊትህን ፍታው እንጂ፣ ባለጉዳይ እያስበረገግክ ነው» ስትለኝ ከኪሴ መዥረጥ የማደርገው። አንቺም «ስንፍና ነው» ስትዪኝ።

የመጀመሪያው ውጤት ከፍተኛ መጣ። በዕድሜዬ ከፍተኛ ውጤት ያመጣሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ክኒኑ። ልጅ ሳለሁ ኮሶ ስታጠጪኝ እንዳስለመድሽኝ ዐይኔን ጨፈንኩ፣ አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ላይ አኖርሽልኝ፣ ጠበል አስከተልሽ። ሃምሳ ስድስት ማለዳ። ሚንት ሚንት፣ ከረሜላ ከረሜላ ይለኝ ነበር፤ ሳይንስ ረቀቀ ብዬ አደነቅኩ።

በሰባተኛው ሳምንት የጎተራ ማሳለጫ ድልድይ ላይ ቆሜ መኪና ሳይ ከሚገባው በላይ ቆየሁ። አንድ የላዳ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ፋዘር፣ ሳሪስ ልጣልህ?» አለኝ። ሳሪስ ምንም ጉዳይ የለኝም፤ ገብቼ ሄድኩ።

በስምንተኛው ደሜ ተለካ። ቁጣው ንቅንቅ አላለም። መድኃኒቱንም ፈልገው ነበር፤ ደሜ ውስጥ ሽታው እንኳ የለም። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ «ወንድሜ፣ አልወስድም ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለ። ስምሽን ሳላነሣ «አልወሰድኩም» ብዬ ፈረምኩ። ከጥናቱ አስወጡኝ። የጓጓሁለት ወረቀት ደረሰኝ፤ ማኅተምም አለው፦ «መድኃኒቱን ያልወሰደ»። ዶክተሩ ግን አልተወኝም፤ «ዛሬ ነገ ሳትል ጀምረው» አለኝ።

ትናንት አቧራ ላራግፍ የማርያምን ሥዕል አወረድኩ። ከጀርባዋ መሐረብሽ ተቋጥሮ አገኘሁት። ፈትቼ ክኒኖቹን ቆጠርኩ፤ ሃምሳ ስድስት፤ አንድም አልጎደለም። መጣል እንደማትወጂ፣ ለእሷም አደራ እንደሰጠሻት ገብቶኛል። «ይኼ ክኒን አንዴ ከጀመሩት አሳብዶ ያስቀራል» ብለሽ ለጀማነሽ በስልክ ስትነግሪ ሰምቼሽ ነበር። ስለ ጨጓራዬ ግን አመሰግንሻለሁ፤ እንደዚያ ሰሞን ጤነኛ ሆኖ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን ዋጥኩ፤ በራሴ እጅ፣ ዐይኔን ሳልጨፍን። ሚንት አይልም። ይመራል።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ጀማነሽንም በሰላም ይገላግላት። ለፋሲካ ስትመጪ ምንም አትያዢ፣ ባዶ እጅሽን ነይ። መሐረብሽን አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ።

ያሳደግሽው ታናሽ ወንድምሽ