አራት ሳይሆን አምስት

ይድረስ ለልጅ ታሪኩ፣

ወደ ጋአን ሊባህ ተራራ ለሥራ ወጥቻለሁ። የላሆህ እንጀራህን በሳህን ሸፍኜልሃለሁ። መጀመሪያ ብላ፤ ባዶ ሆድህን ጭራሽ ትደነዝዛለህ።

ኮሌጅ ጨርሰህ የወጣኸው ሰውዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጠህ «የሆቴሉ ስልክ ማከፋፈያ በየትኛው ፖርት፣ በስንት ቁጥር መሰኪያ እንደገባ ጠፋኝ» ስትል ከረምክ። የሆቴሉ ሰዎች እስከ ቀትር፣ እስከ ዙህር ሶላት ካልሠራ ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን ቢሉህ፣ ይኸው ጊዜ ጨምሩልኝ ልትል በጠዋት ሮጥክ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩት፣ የፖርቶቹን ዝርዝር ከፍተህ በተውከው ማሽን ፊት ቁጭ አልኩ። ግልገል የማን እንደሆነ ሲጠፋን ግልገሉን እንደብቃለን፤ የምትጮኸው ፍየል እናቱ ናት። ከጎኑ ካስቀመጥከው ማከፋፈያ የመጣውን ሽቦ ከላፕቶፑ ነቀልኩት። አምስት ቁጥር ያለበት መስመር ከዝርዝሩ ጠፋ። መልሼ ሰካሁት፣ መጣ። ወላሂ ሁለቴ ሞክሬዋለሁ።

አንተ አራት ላይ ሙጭጭ ብለሃል። አምስት በልበትና ሥራህን ውሰድ፤ ሁለተኛ የሰው ደጅ እንዳትጠና። ቀዳዳው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል፤ ይህን ሳያስተምሩህ ነው ወረቀት የሰጡህ?

ትናንት «እማማ ሀሲና፣ ነክተውት ነበር እንዴ?» ስትለኝ ጮኼብሃለሁ።
ጩኸቱ ይቅር።

ሽቦው ሰኞ ዕለት በቀኙ ቀዳዳ ነበር። አሁን በግራው ነው።
ማን እንዳዛወረው አትጠይቀኝ።

ጠረጴዛህ ላይ ግን አቧራ የለም።