የጓያው እንፋሎት

ይድረስ ለናቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ወንድሜ ባንተአምላክስ ደህና ነው? እኔ ከመተማ ሙቀት በቀር የሚነካኝ የለም ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን እስከዛሬ የዋሸሁሽ ይበቃል። የስልኩ ኔትወርክ ስለጠፋ ጓደኛዬ ቢሻው አገር ሲገባ ይህን ይዞልሽ ይመጣል፤ እሱው ያነብልሻል።

እግሬን ወለምታ ነው ያልሁሽ ውሸት ነው። ሽንፋ ወርጄ ሰሊጥ ሳጭድ ጉልበቴ ደረቀብኝ። አሁን በሁለት ምርኩዝ፣ በእግር ጣቶቼ ጫፍ ነው የምሄደው። ከእንግዲህ አይመለስም ብለውኛል። ሐሚድ የሚባል ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ እህል እንድመዝን አደረገኝ፤ እግዜር ይስጠው።

ልጁ ሩፊዳ ኬሚስትሪ ትማራለች። አረማመዴን አይታ አገር ቤት ምን እንበላ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ጓያ አልኋት። እናቴ እንፋሎቱ እግር ይይዛል ብላ፣ ንፍሮው ሲፈላ ከቤት ታስወጣኝ፣ ሲበርድ ጠርታ ታበላኝ ነበር ስላት አንገቷን ደፋች።

እንፋሎቱ ምንም አያደርግም አለችኝ። አሚኖ አሲድ የሚሉት አለ፣ ገላ ሥጋውን የሚሠራበት። በጓያው ፍሬ ውስጥ ያለው ግን የዚያው ዘር ሆኖ ሥጋ አይሠራም። ነርቭ ከነርቭ የሚነጋገርበትን ሌላውን አሚኖ አሲድ ስለሚመስል፣ በሱ ቦታ ይገባና ነርቩን ያለ ፋታ እየቀሰቀሰ ይገድለዋል። ድርቅ ሲሆን ደግሞ ይኸው መርዝ በፍሬው ውስጥ ይበዛል። እኛም አብዝተን የምንበላው ሌላው እህል ሲጠፋ፣ በዚያው በድርቁ ጊዜ ነው። ይህን ስሰማ አለቀስሁ፤ ምን እደብቅሻለሁ።

እናቴ፣ አልተቀየምሁሽም። ዘንድሮም ዝናቡ ቀርቷል አሉ። ባንተአምላክንም እንደኔ ሲፈላ እያስወጣሽ፣ ሲበርድ አራሽ ነው ብለሽ አብዝተሽ እንደምታጎርሺው አውቃለሁ። እንፋሎቱን ይሙቀው፣ ግድ የለም። ጓያውን ግን አትስጪው። በሬውን ሽጠሽም ቢሆን ማሽላ ግዢ። የግድ ከሆነብሽ ዘፍዝፈሽ ውሃውን ደጋግመሽ ድፊ፣ ከማሽላ ጋርም ቀላቅይው፤ ያም ቢሆን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

«እኔስ ከዚያው ድስት እየበላሁ ምን ሆንሁ?» እንደምትይ አውቃለሁ። እናቴ፣ ጠግቤያለሁ እያልሽ ድርሻሽን ወደኔ ስትገፊ አይሽ ነበር። አለመብላትሽን እያወቅሁ ነው የበላሁት።

እመቤቴ ማርያም ጉልበትሽን ትጠብቅልኝ፣ የባንተአምላክን እግር ለሁለታችንም ታቁምልን። ማሽላው ሲገዛ አንቺም ብይ።

የበኩር ልጅሽ