እግሩ ስለ ተቆረጠው ጋጣ

ለክቡር ባፓክ ዶክተራንዱስ ያያን ኩስናዲ፣
የአውራጃችን የእንስሳት ርባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የሁለት ሽልማቶች ባለቤትና የ«ዘመናዊ ጋጣ» ዘመቻ አባት፤
ካሉበት ከፍ ያለ ስፍራ።

የአላህ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ጤናዎ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ ዘወትር አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ዕድሜዎ እንደ ስብሰባዎችዎ የረዘመ፣ ከሁሉም በላይ ባለፈው በጋ መንደራችንን ሌዊሃንጃን የረገጡባቸው እነዚያ ነጫጭ ጫማዎች ጭቃ የማይደርስባቸው ይሆኑ ዘንድ፣ እኔ የመንደሩ ሰው አባህ ሱሃያ እያለ የሚጠራኝ፣ ስድሳ ዓመት በግ ያረባሁና ስለ በግ ግን ገና ከእርስዎ የምማር ሽማግሌ፣ ተንበርክኬ እመኝልዎታለሁ፤ ከተንበረከክሁ ጭቃው መልሶ ስለማያስነሣኝ መንበርከኩን በሐሳብ እንዳደረግሁት ይቁጠሩልኝ።

ክቡር ሆይ፤ አባቶቻችን የበግ ጋጣን በቀርከሃ እግሮች ላይ እስከ ሰው ደረት ከፍ አድርገው ሲሠሩ፣ ወለሉንም በጠጡና ሽንቱ ወደ ታች እንዲወርድ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ሲረበርቡ፣ ይህን ሁሉ ያደረጉት ሌላ ሥራ አጥተው መሆኑን እርስዎ እስኪያስተምሩን ድረስ አናውቅም ነበር። እርጥብ መሬት ላይ የቆመ በግ ሰኮናው እንደሚበሰብስ፣ ወንዛችንም በየጥቂት ዓመቱ ግቢያችንን ሊጎበኝ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር ብለን የምናምን የዋሆች ነበርንና፣ ከዚህ ድንቁርና ስላወጡን ምስጋናችንን በቁጥር ለይተን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ጋጣ ሁሉ ከመሬት እኩል ይሁን፣ ዙሪያውም እስከ ወገብ በሚደርስ የጡብ ግድግዳ ይታጠር፣ ግድግዳውም አረንጓዴ ይቀባ ስላሉበት መመሪያ እናመሰግናለን። ከላይ የሚመጡ እንግዶች በመኪና ሲያልፉ አንገታቸውን ሳያቀኑ የበጎቻችንን ፊት ማየት እንዲችሉ የታሰበ መሆኑን ስንረዳ ልባችን ተነካ። እርስዎ ራስዎ በቢቢ ኢቻህ ጋጣ ፊት ቆመው፣ «እናንተ ሰዎች በግ ሰገነት ላይ ታኖራላችሁ፤ ነገ ደግሞ ሊፍት ይገባልን ልትሉ ነው?» ያሉትን፣ ከኋላዎ የተሰለፉት ስድስት ጸሐፊዎችም እንደ ሥራቸው ግዴታ የሳቁትን እስከ ዛሬ እናስታውሳለን። ቢቢ ኢቻህ፣ ስምንት በጎች ብቻ ያሏት ባልቴት፣ ማጭዷን ከእጇ ሳትጥል፣ «ባፓክ፣ እኔስ ከመሬት ባወርዳቸው ደስ ባለኝ፤ ወንዙ ግን እንደ እርስዎ ደብዳቤ ጽፎ አይመጣም» ብላ የመለሰችልዎትንም እንዲሁ። በዚህ መልሷ ምክንያት በመዝገብዎ «ለልማት እንቅፋት» ተብላ ተጻፈች፤ በጎቿም ከክትባቱ ተዘለሉ።

እኔ ግን ታዘዝሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማኅተም ያለበት ወረቀት ባየሁ ቁጥር ከመቀመጫዬ የምነሣ ሰው ነኝና፣ አባቴ የተከላቸውን ስድስት እግሮች በገዛ መጋዜ፣ በገዛ እጄ ቆረጥኋቸው። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ለእርስዎ አላካፍልም፣ በቂ አለዎትና።

ሁለተኛ፤ ሣር ጎሕ ሲቀድ ከነጤዛው ታጭዶ ወዲያው ይሰጥ ብለው ስላሳተሙት ባለ ሥዕል ጽሑፍ እናመሰግናለን። እኛ ጤዛው እስኪጠፋ ጠብቀን የምናጭደው፣ ካጨድንም በኋላ እስኪጠወልግ ጥላ ሥር የምንበትነው፣ በዝናብ ወራት እርጥብ ሣር የበግ ሆድ ይነፋል ከሚል የአሮጊቶች ወሬ ተነሥተን ነበር። ጎረቤቴ ማንግ ኦዳንግ ምክርዎን ፈጸመ፤ ሦስት በጎቹም ሆዳቸው ተነፍቶ ሲወጠር፣ «አባህ፣ ኃላፊውን ካገኙ ከበሮው ደርሷል፣ መቺ ብቻ ነው የቀረው ይበሉልኝ» ብሎኛልና መልእክቱን በአደራ አድርሻለሁ።

ሦስተኛ፤ ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ፣ ከቀትር ወዲያ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ውኃው ዳርቻውን ጥሶ ሲገባ፣ ያ በመመሪያዎ የቆመው አረንጓዴ ግድግዳ ውኃውን እንዳይገባ መከልከል ባይችልም በጎቹን እንዳይወጡ በመከልከል ረገድ እንከን አልተገኘበትም። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነውና በትከሻዬ ስገፋው፣ በጎቹ ደግሞ ድምፄን ሰምተው ወደ እኔ ሊመጡ ከወዲያ በኩል ተደራርበው ይገፉት ነበር፤ እኔ በየስማቸው በጠራኋቸው ቁጥር እነርሱ በሩን አጥብቀው ዘጉት። ካሉኝ ዐሥራ አንድ በጎች ሰባቱን በግድግዳው ላይ ጎትቼ አወጣሁ። አራቱን አላወጣሁም። በዚህ ላይ የምጨምረው የቃል ጌጥ የለኝም።

ማንግ ኦዳንግ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ በጎቹን እየተቀበለኝ፣ «አይዞዎት አባህ፣ ዘመናዊው ጋጣ ዋና እየተማረ ነው!» ሲል ሳቅሁ፤ ያን ጊዜ ባልስቅ ሌላ ነገር አደርግ ነበር። ከዚያም በመንደሩ እግሩ ያልተቆረጠ አንድ ጋጣ ብቻ ነበርና፣ አንዲቱን እርጉዝ በግ በትከሻዬ ተሸክሜ ወደ ቢቢ ኢቻህ ደጅ ደረስሁ። እርሷም ከመሰላሉ ራስ ሆና ቁልቁል አየችኝና፣ «ይግቡ አባህ፣ እግር ያለው ቤት እንግዳ አይመልስም፤ መጋዝዎን ብቻ ከደጅ ይተዉት» አለችኝ። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ ከየቤቱ የተረፉት በጎች ሁሉ ከእርሷ ስምንት ጋር ተቀላቅለው ሠላሳ አንድ ሆኑ፤ ከመካከላቸውም ዐሥራ ሰባቱ እርጉዞች ናቸው። መንደራችን ከእንግዲህ በግ የሚኖረው ከእነርሱ ነው።

አራተኛ፤ ከሁሉም የላቀው ምስጋናችን ትናንት ሰኞ ለደረሰን ደብዳቤ ይሁን። ለስምንት በግ የተሠራ ጋጣ ሠላሳ አንድ በግ ይዞ መገኘቱ የመጨናነቅ ደንብን የሚጥስ መሆኑን፣ ጋጣውም ቀድሞ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ዝቅ ስላልተደረገ በመጪው ሐሙስ ከቀትር በፊት እንዲፈርስ መወሰኑን በቀይ ማኅተም ገልጸውልናል። የጎርፉ ወሬ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መንገድ ያጣ ሲሆን፣ የመጨናነቁ ወሬ ግን በስድስት ቀን መድረሱ ድንቅ ነው። ደብዳቤውን ያመጣው መልእክተኛዎ በሙዝ ግንድ ታንኳ ላይ ተቀምጦ እየቀዘፈ መጣ፤ ታንኳውንም የሚያስርበት ሌላ የቆመ ነገር ቢያጣ፣ እንዲፈርስ በታዘዘው ጋጣ እግር ላይ አሰረው። ቢቢ ኢቻህም ወረቀቱን ተቀብላ፣ ብርድ ያንቀጠቀጠውን ሰውዬ ወደ ላይ አውጥታ የተቀቀለ ካሳቫ እያቀረበች፣ «ብላ ልጄ፣ ተረጋግተህ ብላ፤ ቤቱ እስከ ሐሙስ ይቆያል» አለችው።

እንግዲህ፣ ለነጭ ጫማዎ ምድር ሁሉ ደረቅ እንድትሆን፣ ወንዞችም መመሪያዎን አንብበው እንዲፈሱ እየጸለይሁ፣ ግራ እጄን በደረቴ፣ ቀኝ እጄን በእርጥብ በግ ጀርባ ላይ አድርጌ በአክብሮት የምሰናበትዎ፣ የመመሪያዎ ታማኝ ፈጻሚና የመጋዙ ባለቤት፣

አባህ ሱሃያ
ከሌዊሃንጃ፣ ከቢቢ ኢቻህ ጋጣ መሰላል ላይ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ ይህን ጽፌ ሳበቃ በትከሻዬ ያመጣኋት በግ ከላዬ ባለው ወለል ላይ መንታ ወለደች፤ ሁለቱም ግልገሎች ደረቅ ናቸው፣ ቆመውም ይጠባሉ። ማንግ ኦዳንግ አንደኛው በክቡርነትዎ ስም ይጠራ ሲል አሳብ አቀረበ፤ ቢቢ ኢቻህ ግን፣ «ተው እንጂ ኦዳንግ፣ ግልገሉ ምን አጠፋ?» ብላ ከለከለች። ልመናዬ አንድ ነው፤ የቢቢ ኢቻህ ጋጣ እንዲፈርስ የጻፉትን ትእዛዝ ከሐሙስ ቀትር በፊት በፊርማዎ ይሻሩልን።