ሽመክት የሌለበት ፊልም

ድሬዳዋ ላለሽው እህት ጓደኛዬ ይድረስልኝ።

እንዴት ነሽልኝ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅግጅጋ ያው ከነነፋሷ አለች፤ ልጄም ጡት ጠብታ ስትጠግብ መሳቅ ጀምራለች። ልደውልልሽ አስቤ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ተውኩት።

በአውቶቡሱ ሾፌር የላክሽልኝ ፍላሽ ደርሶኛል። ያንን ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ የወንጀል ፊልም አየሁት፤ እውነቴን ነው፣ ወደድኩት። ግን ምን ዓይነት ድሃ ፊልም ነው! አንዱን ክፍል ሆቴልም ፖሊስ ጣቢያም አድርገውታል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል እየቀየሩ ሊሸውዱን። ዝናቡ ሲወርድ እንሰማለን፤ ሰውየው ግን ባርኔጣው ደረቅ እንደሆነ ይገባል። ደግሞ ያ ባል ሰው ገድሎ መጥቶ እጁን ሲታጠብ፣ ሌላ ነገር ለማሳየት አቅም አንሷቸው ይሁን አውቀው፣ ካሜራው የሚስቱ ፊት ላይ ብቻ ይቆያል። የውሃውን ድምፅ ትሰማለች፣ ይገባታል፣ ከዚያ ተነስታ እራቱን ታቀርብለታለች። ትልልቆቹ ፊልሞች ያን ሁሉ ብር አፍስሰው እንዲህ ያለ ፊት አላሳዩኝም። እንዴት ሰው ሁሉ ይረሳዋል? አንቺም ለብቻዬ ነው ያየሁት፣ ከእኔ በቀር የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም ብለሽ ጽፈሽልኛል።

ባለቤቴ ሀብተየስ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ለሱቁ ጨርቅ ሊያመጣ ድሬዳዋ ሲመላለስ እንደሚከርም ታውቂያለሽ። አይተኸው ታውቃለህ ወይ ስለው፣ የጥንት ፊልም ማን ያያል አለኝ። እንግሊዝኛም አይሰማም። ግን ገዳዩ በሩን ሳይከፍት፣ ፖሊሱም ገና ሳይታይ፣ አይ ሽመክት፣ አለቀልህ! አለ።

ፊልሙ ውስጥ ሽመክት የሚባል ሰው የለም። ሽመክት የሒሳብ አስተማሪያችን ነበር። ተማሪ ሳለን ፊልም ስትተረጉሚልኝ ገዳዩን ሁሉ ሽመክት የምትይው አንቺ ነሽ፤ እኔም ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ይህን ቀልድ ለሀብተየስ ነግሬው አላውቅም፤ እሱ ከደሴ ሲመጣም አስተማሪያችን ከተማውን ከለቀቀ ቆይቶ ነበር። ሽመክት ማነው ብዬ ብጠይቀው፣ እንዲሁ አፌ ላይ የመጣ ስም ነው ብሎ ስልኩን ማየት ያዘ። እኔም ተነስቼ እራቱን አቀረብኩለት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሁሉ ነገር ያስጠረጥረኛል። የልጄን ክርስትና አንቺ እንድታነሺልኝ ባልኩ ቁጥር፣ እሷ ትቅር፣ ሌላ ሰው ፈልጊ ይለኝ ነበር። የሚጠላሽ መስሎኝ ስላንቺ ስንት ጊዜ ተጣላሁት! አሁን ገባኝ። አበልጅ ለአበልጁ እህትና ወንድም ነው፤ ያንን ማፍረስ ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአት መሆኑን እሱም ያውቃል፣ አንቺም ታውቂያለሽ።

ጎረቤቴ እማዋይሽ እኔ ላንሳልሽ ብላኝ እምቢ አልኳት። ስምሽን ለቄሱ ሰጥቻለሁ፤ ለሀብተየስም ነግሬዋለሁ። የሱቁን ቁልፍ ይዞ ወጣ።

እሑድ ነጠላሽን ይዘሽ ነይ። እምቢ ካልሽኝ ምክንያቱን ፊቴ ቆመሽ ትነግሪኛለሽ። ልጄን ስትታቀፊ አባቷ ከጎንሽ ይቆማል። ቄሱ ሰይጣንን ትክጃለሽ ወይ ሲሉሽ ጮክ ብለሽ መልሺ፤ እኔ ከኋላሽ ሆኜ እሰማለሁ።

መንገድሽን አምላክ ያቅናልሽ። ልጄንም እናቴ ብላ እንድትጠራሽ ያብቃት።

ከእሑድ ጀምሮ አበልጅሽ